«በአቦል ፎርም፣ በበረካ መልስ»፦ ቀልድ ሲታመን ጥፋቱ የማን ነው?

ጥያቄ፦ «ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ የቀልድ ገጽ አለኝ፤ ወደ 40 ሺህ ተከታይ አለው። ባለፈው የአንድ ኤምባሲ መግለጫ አስመስዬ አንድ ነገር ሠራሁ። አርማቸውንም ከላይ ለጠፍኩበት። የመጀመሪያው መስመር ‹ከሰኞ ጀምሮ የቪዛ አመልካቾች ያለ ቀጠሮ ይስተናገዳሉ› ይላል። ወረድ ሲል ደግሞ ‹በአቦል ፎርም ይሞላሉ፣ በቶና ቃለ መጠይቅ ያደርጋሉ፣ በበረካ አይሆንም ይባላሉ፤ ፈንዲሻው በነፃ ነው› ይላል። ቀልድ መሆኑን ኮሜንት ላይ ጽፌያለሁ። ሰው ግን የላይኛውን መስመር ብቻ ቆርጦ አሰራጨው። ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ የተሰለፉ ነበሩ። አንዲት እናት ከደሴ በዋዜማው ተሳፍረው መጥተዋል አሉ። ከኤምባሲው አንድ ሠራተኛ በውስጥ መስመር ‹እባክህ አንሣው› ብሎኛል፤ አላነሣሁም። ጓደኞቼ ‹ስላቅ መብት ነው፤ የፈረንሳዩን የስላቅ ጋዜጣ ሻርሊ ኤብዶን እይ፣ ጀርመን ውስጥ ኤርዶዋንን የሰደበው ሰውዬም ነፃ ወጥቷል› ይሉኛል። ወንድሜ ደግሞ ‹የአገር ግንኙነት አበላሽተሃል፣ ትታሰራለህ› እያለ ያስፈራራኛል። ላንሣው ወይስ ልተወው? ለመሆኑ ስላቅ በፖለቲካና በዲፕሎማሲ የሚሠራው ሥራ አለ ወይስ ዝም ብሎ ሳቅ ነው?»

መልስ፦ አንሣው። ምክንያቱ ግን ወንድምህ የሚለው አይደለም። የጓደኞችህ ክርክርም አያድንህም፤ የጠቀሱልህን ታሪክ ግማሹን ብቻ ነው የሚያውቁት።

ከጀርመኑ ልጀምር። (ዓመታቱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።) በማርች 2016 «ኤክስትራ 3» የሚባል የጀርመን ቴሌቪዥን የስላቅ ፕሮግራም በቱርኩ ፕሬዚዳንት በኤርዶዋን ላይ የሚያላግጥ ዘፈን አቀረበ። አንካራ የጀርመንን አምባሳደር አስጠርታ ተቃወመች። የፕሮግራሙ ሰዎችስ ምን አደረጉ? ዘፈኑን የቱርክኛ ጽሑፍ ጨምረውበት እንደገና ለቀቁት። ለጀርመን ተመልካች ተሠርቶ በሳምንቱ ይረሳ የነበረ ዘፈን ሚሊዮኖች አዩት።

በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ያን ቤመርማን የተባለ ቀልደኛ በሌላ ጣቢያ ብቅ አለ። የተፈቀደ ስላቅና የተከለከለ ስድብ ምንና ምን እንደሆኑ ላስረዳ ብሎ ጀመረ። ከዚያ ሆን ብሎ በኤርዶዋን ላይ ነውረኛ ግጥም አነበበ። ጀርመን ያኔ ከ1871 የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሕግ የወረሰችው አንቀጽ 103 የሚባል ነገር ነበራት። የውጭ አገር መሪን መስደብ እስከ 3 ዓመት ያሳስራል ይላል። ክሱ እንዲቀጥል ግን የተሰደበው መሪ አገር መጠየቅ፣ የጀርመን መንግሥትም መፍቀድ ነበረበት። እንግዲህ የያኔዋን የጀርመን መሪ ሜርክልን አስባቸው። የአውሮፓ ኅብረት በስደተኞች ጉዳይ ከቱርክ ጋር ከተስማማ ወር እንኳ አልሞላም። ቢፈቅዱ በአገር ቤት ይወገዛሉ፤ ቢከለክሉ አንካራ ትቆጣለች። ፈቀዱ። ግን በዚያው መግለጫ አንቀጹ እንደሚሻር ተናገሩ፤ እውነትም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2018 ጀምሮ ተሻረ።

አቃቤ ሕጉ በኦክቶበር 2016 የወንጀሉን ፋይል ዘጋው። ጓደኞችህ ታሪኩን እዚህ ላይ አቁመውታል። የሃምቡርግ ፍርድ ቤት በፍትሐ ብሔሩ በኩል ከግጥሙ 24 መስመሮች 18ቱን እንዳይደግም ከልክሎታል። በመሪው የፖለቲካ ሥራ ላይ የሚያላግጡት መስመሮች ተፈቀዱ፤ ሰውየውን በነውር የሚያዋርዱት ተከለከሉ። ስለዚህ «ነፃ ወጥቷል» የሚለው ከእስር ለመዳኑ ልክ ነው፤ እንዳሻው ለመናገሩ ግን ልክ አይደለም።

ሻርሊ ኤብዶን ደግሞ ለዚህ ክርክር ባታመጣው ይሻላል። በጃንዋሪ 2015 በጋዜጣው ላይ የተፈጸመው 12 ሰው የተገደለበት ወንጀል ነው። የቀልድ ሕጋዊ ወሰን የት እንደሆነ ከግድያ አትማርም። ሕጉን ማየት ከፈለግህ ወደ 2007 ተመለስ፤ የፓሪስ ፍርድ ቤት ጋዜጣውን በካርቱኖቹ ምክንያት ከቀረበበት ክስ ነፃ ያደረገው ያኔ ነው። እሱም ቢሆን የፈረንሳይ ዳኛ በፈረንሳይ ሕግ የፈረደው ነው፤ አንተ የምትጠየቀው እዚህ ነው።

እዚህ አገር የሚመለከትህ ዋናው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 (ይህ 2012 በእኛ አቆጣጠር ነው) ነው፤ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጁ። ለጥላቻ ንግግር በተቀመጠው ላይ የኪነ ጥበብ ሥራን የሚያድን በር አለው። በሐሰተኛ መረጃ በኩል ያለው በር ግን ጠበብ ይላል፤ እውነትነቱን ለማጣራት በቂ ጥረት ላደረገ፣ ወይም ንግግሩ ከዜና ይልቅ ወደ ፖለቲካዊ ትችት ለሚያመዝን ነው የተተወው። በሌላ በኩል አንድ መግለጫ ሐሰት ስለሆነ ብቻ ወንጀል አይሆንም፤ ሁከት፣ ረብሻ ወይም ግጭት የመቀስቀስ ዕድሉ ከፍ ያለ መሆን አለበት። የቡና ቀልድ እዚያ የሚደርስ አይመስለኝም። ሆኖም ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የተፈጸመ እንደሆነ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር ነው። አንተ 40 ሺህ አለህ። በወንጀል ሕጋችን የውጭ መንግሥታትን መስደብ የሚመለከት ክፍልም አለ። ወንድምህ እንደሚለው ነገ ትታሰራለህ አልልህም፤ «ገጼ ትንሽ ናት፣ ማን ያየኛል» እያልክም አትተኛ። የጽሑፍ ጥሪ ከመጣ መልስ ከመስጠትህ በፊት ጠበቃ አማክር። እኔ የማማክረው ሚዲያን ነው፤ ፍርድ ቤት አልቆምልህም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ያንተ ችግር ኤምባሲ ላይ መቀለድህ አይደለም። ቀልዱ ጥሩ ነው፤ በረካ ላይ «አይሆንም» የሚለውን ሳነብ እኔም ስቄያለሁ። ስንት ወር ቀጠሮ ጠብቆ፣ የባንክ ስቴትመንት ተሸክሞ፣ በሦስት ደቂቃ የተመለሰ ሰው ደግሞ ከኔ በላይ ይስቃል። ዒላማውም ትክክል ነው፤ የምትነካው ጉልበት ያለውን ነው። ስህተትህ አሠራሩ ላይ ነው። እውነት የሚመስለውንና ሰው አጥብቆ የሚመኘውን ነገር የመጀመሪያው መስመር ላይ አደረግህ። ቀልዱን ከሥር ቀበርከው። ማስጠንቀቂያውን ደግሞ ጭራሽ ከምስሉ አውጥተህ ኮሜንት ውስጥ ጣልከው። ከዚያ እውነተኛ አርማ ለጠፍክበት። ሰው ሲቆርጠው የቀረው አንድ አርማና አንድ የምሥራች ነው። እሱ ስላቅ አይደለም፤ ሐሰተኛ ማስታወቂያ ነው። አንተ ባትቆርጠውም መቁረጫውን መስመር ያሰመርክለት አንተ ነህ።

በሰምና ወርቅ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። ጠጅ ቤት የተቀመጠ ሰው አዝማሪው ሲገጥም ሰሙን ሰምቶ አያቆምም፤ ወርቁን ሊፈልግ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። ማሲንቆው ራሱ ማስታወቂያ ነው። የአዝማሪው ጥቅሻ፣ የአጨብጫቢው ሳቅ፣ «ድገመው!» የሚለው የጎረቤት ጠረጴዛ፣ ሁሉም «ይህ ነገር ሌላ ፍቺ አለው» ይላሉ። ቴሌግራም ላይ ማሲንቆ የለም። አንተ የሠራኸውን፣ ገጽህን የማያውቅ፣ አንተንም የማያውቅ ሰው ከእህቱ ልጅ በፎርዋርድ ያገኘዋል። ሰሙ ብቻውን ይጓዛል።

ይህ የሚደርሰው ከደሴ በመጡት እናት ላይ ብቻ እንዳይመስልህ። በ2012 ኩዌት ውስጥ በተደረገ የተኩስ ውድድር አንዲት የካዛክስታን ተወዳዳሪ ወርቅ አሸነፈች። ሜዳሊያዋን አጥልቃ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች። በድምፅ ማጉያው የተለቀቀው ግን የአገሯ መዝሙር ሳይሆን ቦራት በሚባል የፈጠራ ካዛክስታናዊ ላይ ከተሠራው «ቦራት» ከሚለው አስቂኝ ፊልም የወጣው የፌዝ መዝሙር ነበር። አዘጋጆቹ ከኢንተርኔት ያወረዱት የተሳሳተውን ነው። ልጅቷ እስከ መጨረሻው ቆማ አዳመጠች። ካዛክስታን ተቃወመች፣ ይቅርታ ተጠየቀ፣ ሥነ ሥርዓቱም እንደገና ተደረገ። በዚያው ዓመት «ዘ አንየን» የተባለው የአሜሪካ የስላቅ ጋዜጣ የሰሜን ኮሪያውን ኪም ጆንግ ኡንን የዓመቱ ማራኪ ወንድ ብሎ ሾመ። የቻይናው «ፒፕልስ ዴይሊ» የኢንተርኔት እትም አምኖት ዜና አደረገው፤ 55 ፎቶም ደረደረለት። የመንግሥት ፓርቲ ጋዜጣ ከነአርታዒዎቹ ከተሸወደ፣ ቪዛ የቸገረው ሰው ቢያምን ምን ይገርማል?

«ሰው ማንበብ ስለማይችል ነው» የሚለው መልስ ስለዚህ አይሠራም። ቀልደኞች ሲቸገሩ የሚደበቁባት ጥግ ናት፤ ስንቱ ሲደበቅባት አይቻለሁ።

ሥራ አለው ወይ ላልከው፣ አዎ አለው። ግን የሚወራለትን ያህል አይደለም፤ ሥራውም ሰው እንደሚያስበው መንግሥት መጣል አይደለም። የጥንት መኳንንት «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር ይባላል። እረኛው በግጥም የሚለው ነገር በአደባባይ የማይነገረውን ይነግራቸዋል። የስላቅ የመጀመሪያ ሥራ ይኸው ነው፤ ሥልጣን ላይ ያለው ሰው አጠገቡ ያሉት የደበቁትን ወሬ እንዲሰማ ማድረግ። ሁለተኛው የፍርሃትን ዋጋ መቀነስ ነው። አብሮ የሳቀ ሰው ብቻውን እንዳልሆነ ያውቃል።

በአገራችን መጀመሪያ መድረክ ላይ የወጣው ዘመናዊ ቴአትር ራሱ ስላቅ ነበር። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የዘመኑን አስተዳደር በአውሬዎች አስመስለው ጻፉት። መኳንንቱ አዩት፣ ገባቸው፤ በዘውዲቱ ዘመን ቴአትር ታገደ። እኝሁ ሰው በኋላ የ1923ቱን (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) ሕገ መንግሥት አረቀቁ። ጣሊያን ሊወርረን ሲሰናዳም ጄኔቫ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ለኢትዮጵያ የተከራከሩ ዲፕሎማት ሆኑ። ቀልድና ዲፕሎማሲ አብረው አይሄዱም ለሚል ሰው ይህን ንገርልኝ። ዛሬ በየበዓሉ ፕሮግራም የምናየው ቀልድ አከራይና ተከራይ፣ ባልና ሚስት ላይ ሲዞር ስታይ መቶ ዓመት ወደፊት ነው ወደ ኋላ የሄድነው ብለህ ብትጠይቅ አልፈርድብህም።

ወሰኑን ለማየት ወደ ግብፅ እንሂድ። ባሰም ዩሱፍ የልብ ቀዶ ሐኪም ነበር። በ2011 አብዮት ጊዜ ቤቱ ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ክፍሉን ስቱዲዮ አድርጎ በዩቲዩብ ጀመረ። በ2013 ፕሬዚዳንት ሙርሲን ሰድበሃል ተብሎ አቃቤ ሕግ ዘንድ ተጠራ። ሙርሲ ፓኪስታን ሄደው የክብር ዲግሪ ሲቀበሉ ደፍተውት የነበረውን ባርኔጣ አግዝፎ አሠርቶ፣ እሱን ደፍቶ ሄደ። በ15 ሺህ የግብፅ ፓውንድ ዋስ ለቀቁት። አሜሪካዊው ጆን ስቱዋርት በቴሌቪዥን ፕሮግራሙ ተሟገተለት፤ ሙርሲንም ተረበ። እስከዚህ ድረስ የቀልደኞች ወሬ ነው። ከዚያ ካይሮ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ የስቱዋርትን ቪዲዮ ሊንክ በትዊተር ገጹ ለጠፈ። የፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት እዚያው ትዊተር ላይ «ይህ ለዲፕሎማቲክ ሚሲዮን የማይገባ የፖለቲካ ቅስቀሳ ነው» የሚል መልስ ሰጠ። የኤምባሲው ገጽ ለትንሽ ጊዜ ጠፋ፤ ሲመለስ ሊንኩ የለም።

ልብ በል፣ ቪዲዮው አንድ ነው። ቀልደኛ ሲለው ሳቅ ነበር፤ ኤምባሲ ሲያጋራው የአገር አቋም ሆነ። በዲፕሎማሲ ውስጥ የቀልዱን ክብደት የሚወስነው ተናጋሪው የተቀመጠበት ወንበር ነው። አንተ የኤምባሲን አርማ ስትለጥፍ ባታስበውም ወንበራቸው ላይ ተቀመጥክ።

ሙርሲ ደግሞ የወደቁት በቀልድ አይደለም፤ ሠራዊቱ ነው ያወረዳቸው። ሠራዊቱ ከመጣ በኋላ ዩሱፍ ብዙ አልቆየም፤ በ2014 ፕሮግራሙን ዘጋ፣ ቆይቶም አገሩን ለቀቀ። ሳቅ ሥልጣን ላይ ያለውን ያሳፍራል እንጂ ሥልጣኑን አይነጥቅም። የዩክሬኑ ዜሌንስኪ በቴሌቪዥን ድራማ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተውኖ በ2019 በ73 በመቶ ድምፅ ፕሬዚዳንት ሆነ ትለኝ ይሆናል። ልክ ነህ፤ ግን የተመረጠው ምርጫ ባለበት አገር ነው።

በኤምባሲው ወገን ያለውም ሰው ቢያነብ አይከፋም። በ1961ዱ የቪየና ስምምነት መሠረት ተቀባዩ አገር የዲፕሎማቱንና የሚሲዮኑን ክብር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ግዴታው የመንግሥት ነው፤ ለዚህ ነው ኤምባሲዎች በይፋ ሲቆጡ አንተን ሳይሆን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን በደብዳቤ የሚያነጋግሩት። በውስጥ መስመር «እባክህ» ብሎ የጻፈልህ ሠራተኛ ነገሩን ከፋይል ውጭ ሊጨርስልህ የፈለገ ሰው ነው። ይህ ውለታ ነው። ብዙ ጊዜ አይደገምም።

ለተቋማት ግን ምክሬ ሌላ ነው። ሰው ቀልዱን ሳያምን ስቆባችሁ ብቻ ከሆነ ዝም በሉ። ካዛክስታን በ2005 ቦራትን የሚጫወተውን ተዋናይ ልክሰስ ብላ ዛተች፤ በአገሯ መለያ የተከፈተውን ድረ ገጹንም አዘጋች። ያተረፈችው የባሰ ዝና ነው። በ2012 ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ በፊልሙ ምክንያት የቪዛ ጥያቄ አሥር እጥፍ ጨመረ ብለው አመሰገኑ። በ2020 የገጸ ባሕርዩን «ቬሪ ናይስ!» የቱሪዝም መፈክሯ አደረገችው። አብሮ ለመሳቅ 15 ዓመት ፈጀ። ሰው ካመነው ግን፣ ያኔ በአንድ መስመር፣ ሳይቆጡ፣ ትክክለኛውን መረጃ ማውጣት ነው።

እንግዲህ ያንተን እንጨርስ። ጽሑፉን ዛሬ አንሣው፤ ግን ሹልክ ብለህ አይደለም። «ይህን የሠራነው እኛ ነን፤ ቀልድ ነበር፤ ኤምባሲው ያለ ቀጠሮ ይስተናገዳሉ አላለም» ብለህ በራስህ ገጽ፣ ቆርጠው ባሰራጩት ቻናሎችም ላይ ለጥፍ። የተቆረጠው ምስል ላይ ቀይ መስመር አስምረህ ብትለጥፈው የበለጠ ይጓዛል። የሠራተኛውን መልእክት ግን ስክሪንሾት አንሥተህ «አስፈራሩኝ» እንዳትል። አላስፈራራህም፤ የሰውየውን እንጀራም ትነካለህ።

ቀልዱን ከወደድከው እንደገና ሥራው። አርማውን አውጣ፤ ራስህ የፈጠርከው አስቂኝ አርማ፣ ጀበና ያለበት ማኅተም ይበቃል። የገጽህን ስም በምስሉ ላይ አግድም አድርገህ ጻፍ፤ ጥግ ላይ ከሆነ ይቆርጡታል። አቦሉን ወደ መጀመሪያው መስመር አምጣው። ቀልዱ ከላይ ከጀመረ ማንም ሊቆርጠው አይችልም፤ ቢቆርጠውም የሚቀረው ቀልዱ ነው። የእውነተኛ አምባሳደር ድምፅ ወይም ፊት በኤአይ አስመስለህ ግን ጨርሶ አትሥራ፤ እሱን ያመነ ሰው በማግስቱ የምትለውን ማስተባበያ አይሰማም። ከቪዛው ሕግ ወጥተህ ወደ ሠራተኞቹ ዘር፣ ቋንቋ ወይም ሃይማኖት ከገባህ ደግሞ ከኔ ምንም ድጋፍ አትጠብቅ፤ በዚህ አገር በዚህ ሰዓት እሱ ቀልድ አይደለም።

አንድ ነገር ቀረ። ያቺን እናት ማግኘት ከቻልክ አግኛቸው። የደሴ የመመለሻ ትኬታቸውን አንተ ክፈል።